አዲስ አሳብ በሚዛን ሲታይ

ሰው ብቻውን ሲሠራ ጉልበቱ የአንድ ሰው ጉልበት ነው፤ ከባልንጀራው ጋር ሲተባበር ግን በቍጥር ከሚገመተው በላይ ይሆናል። የኢትዮጵያ ገበሬ ይህን ከጥንት ጀምሮ ስለሚያውቅ በአጨዳና በውቂያ ጊዜ ደቦ ይጠራል፤ ጎረቤቱም ማጭዱን ይዞ ይመጣል፤ ለአንድ ሰው የወር ሥራ የነበረው በአንድ ቀን ተፈጽሞ ያድራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር መባሉም ስለዚህ ነው። ዳሩ ግን ደቦ የጠራ ሰው ሁሉ ደቦ አይወጣለትም። ጠሪው የታመነ፣ ሥራው በእውነት የሚያስቸግር፣ ድግሱም የተሰናዳ ካልሆነ ጎረቤት በየቤቱ ሰበብ ፈጥሮ ይቀራል።

በዛሬው ዘመን ከሰፉት ደቦዎች አንዱ በማሳ ላይ ሳይሆን በኮምፒዩተር የሚደረገው ነው። የባንክን ሒሳብ የሚይዘው፣ የአውሮፕላንን ጉዞ የሚቈጣጠረው፣ በስልክ የሚያነጋግረው ፕሮግራም የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ ብዙ ሰዎች በየፊናቸው የጻፉት ትእዛዝ ተገጣጥሞ የቆመ ሕንፃ ነው። ስለዚህም በየአገሩ ብዙ ወጣቶች የፕሮግራም ጸሐፍት በኢንተርኔት ተገናኝተው በአንድነት የሚሠሩበትን ስፍራ ለማቆም፣ ከዚያም ኩባንያ መሥርተው ለማትረፍ ያስባሉ። አሳቡ ያማረ ነው። ነገር ግን ያማረ አሳብ ሁሉ ያማረ ፍሬ አይሰጥም። ለእንዲህ ያለው ሥራ የወጣትነት ዕድሜውን፣ የቤተ ሰቡን ጥሪትና የወዳጆቹን እምነት የሚያስይዝ ሰው አሳቡን አስቀድሞ በሚዛን ሊያየው ይገባል። ሚዛኑም ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም፤ በዚሁ መንገድ ቀድመው ከሄዱት ሰዎች ታሪክ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ችግሩን ማወቅ ያሻል። ሁለት ሰዎች አንድን ጽሕፈት በአንድ ጊዜ ሲያርሙ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያውቅ ይደመስሰዋል። ሰዎቹ ሁለት መሆናቸው ቀርቶ ሁለት መቶ ሲሆኑ፣ እነርሱም በልዩ ልዩ አገር ተቀምጠው ለአንዱ ሲነጋ በሌላው ላይ የሚመሽ ሲሆን፣ ማን ምንን መቼና ስለ ምን እንደ ለወጠ የሚመዘግብ፣ የተበላሸውንም ወደ ቀድሞው የሚመልስ መሣሪያ ካልተገኘ ሥራው እንደ ባቢሎን ግንብ ተደበላልቆ ይቀራል።

ለዚህ ታላቁ ምስክር ሊኑክስ የተባለው ሥራ ነው። የፊንላንዱ ተወላጅ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ጀመረው፤ የጻፈውንም ኮድ ማንም እንዲያየውና እንዲያሻሽለው ለዓለም ገለጠው። ማሻሻያ የሚልኩለት ሰዎች እየበዙ በሄዱ ጊዜ እርሱ በኢሜይል የመጣለትን እያነበበ በእጁ ሲያስገባ ብዙ ዓመት ቆየ። በ2002 ቢትኪፐር የሚባለውን የአንድ ኩባንያ መሣሪያ ያለ ክፍያ ይጠቀምበት ጀመር፤ ነገር ግን በ2005 ኩባንያው ያለ ክፍያ የሰጠውን ፈቃድ አነሣ። ቶርቫልድስም ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ ተቀመጠና በጥቂት ቀናት ውስጥ ጊት የተባለውን መሣሪያ መሠረት ጣለ፤ በዚያው ዓመትም አጠባበቁን ለጁኒዮ ሐማኖ አስረከበ።

የጊት ብልሃት እያንዳንዱ ሠራተኛ መዝገቡን በሙሉ ከነታሪኩ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ መያዙ ነው። መስመር ቢቋረጥ ሥራው አይቋረጥም፤ መስመሩ ሲመለስ የሠራውን ከባልንጀሮቹ ሥራ ጋር ያዋሕዳል። ከ2005 እስከ 2017 በነበረው ጊዜ ብቻ በሊኑክስ ዋና ክፍል ላይ እጃቸውን ያሳረፉት ሰዎች ከ15,000 በላይ ሆነዋል። እንዲህ ያለ ደቦ በአንድ ሰው ኢሜይል ሊመራ እንደማይችል ግልጥ ነው።

ከዚህ ታሪክ የመጀመሪያው የሚዛን ድንጋይ ይገኛል። መሣሪያው የተወለደው አንድ ሰው ተቀምጦ ምን ብሠራ ገንዘብ አገኛለሁ ብሎ ስላሰበ አይደለም፤ ሥራው ስለ ቆመበትና መውጫ ስለ ቸገረው ነው። አዲስ አሳብ ያለው ወጣት አስቀድሞ ራሱን የሚጠይቀው፣ ይህ ችግር ዛሬ ማንን እንቅልፍ ነሥቶታል፤ ያም ሰው ችግሩን ለመወጣት አሁን በምን ዐይነት ጠማማ መንገድ ይሄዳል ብሎ ነው። የተቸገረው ሰው በስምና በመልክ ሊታወቅ ካልቻለ አሳቡ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደ ተባለው ነው።

ጊት መሣሪያ ነው እንጂ ገበያ አይደለም። ሠራተኞች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት፣ እርስ በርሳቸው የሚተያዩበትና የሚተራረሙበት ስፍራ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ስፍራ ቀድሞም አልጠፋም ነበር። ሶርስፎርጅ በ1999 ተከፍቶ እጅግ ብዙ ሥራዎችን በአንድ ጣራ ሥር ሰብስቦ ነበር። በ2006 ደግሞ ጉግልም ማይክሮሶፍትም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ስፍራ ከፈቱ። እንግዲህ በ2007 መጨረሻ አንድ ብልህ መካሪ ስለዚህ ንግድ ቢጠየቅ፣ ገበያው ተይዟል፤ ባለጸጎቹም ገብተውበታል፤ ተዉት ባለ ነበር።

በዚያው ወራት ግን ቶም ፕሬስተን ወርነርና ክሪስ ዋንስትራት የተባሉ ሁለት ፕሮግራም ጸሐፍት በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በትርፍ ጊዜያቸው ጊትሀብ የተባለውን ስፍራ መሥራት ጀመሩ፤ ፒ ጄ ሃየት የተባለውም ተጨመረላቸው። ጊት ኃይለኛ መሣሪያ ቢሆንም ለአያያዝ አስቸጋሪ ነበረና እነርሱም ወዳጆቻቸውም ሥራቸውን ለመለዋወጥ ይቸገሩ ነበር። ስፍራውን የሠሩት በመጀመሪያ ለገዛ ችግራቸው ነው። በ2008 ዓመት በአፕሪል ወር ለሕዝብ ሲከፍቱት ሩቢ ኦን ሬይልስ የተባለው በዚያን ጊዜ ስሙ የገነነ ሥራ ወደ እነርሱ መጣ፤ እርሱን ተከትለውም ሌሎች ብዙዎች መጡ።

ገበያው ተይዞ ሳለ እነዚህ ሰዎች ስለ ምን ሊሳካላቸው ቻለ? ምክንያቱ ሊመረመር የሚገባው ነው። የቀድሞዎቹ ስፍራዎች ሥራውን እንጂ ሠራተኛውን አላስቀደሙም ነበር። በሶርስፎርጅ አዲስ ሥራ ለመክፈት አስቀድሞ ማመልከትና መፈቀድ ያሻ ነበር፤ በሌላ ሰው ሥራ ላይ እጁን ማሳረፍ የፈለገ እንግዳም የባለቤቶቹን ፈቃድ መጠበቅ ነበረበት። ጊትሀብ ግን እያንዳንዱን ሰው በስሙ የቤት ባለቤት አደረገው። ማንም ሰው የሌላውን ሥራ ግልባጭ ወደ ቤቱ ወስዶ፣ እንደ ወደደ አሻሽሎ፣ ማሻሻያዬን ተቀበሉኝ ብሎ ወደ ባለቤቱ ይልካል፤ ባለቤቱም በሰው ሁሉ ፊት መስመር በመስመር እየመረመረ ይቀበለዋል ወይም ምክንያቱን ነግሮ ይመልሰዋል። በዚህ ዐይነት ስሙ ያልታወቀ ወጣት በአማላጅ ሳይሆን በሥራው ይታወቃል። አዲሱ ነገር ግድግዳው አልነበረም፤ የበሩ አከፋፈት ነበር።

ከዚህም ጋር ሊስተዋል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ብዙ ሰው ካልተሰበሰበ ጥቅም የማይሰጥ ስፍራ እጅግ ክፉ እንቆቅልሽ አለበት፤ ሻጭ ገዢ የለም ብሎ ይቀራል፤ ገዢም ሻጭ የለም ብሎ ይቀራል። ጊትሀብ ግን ማንም ሳይመጣ አስቀድሞ ለመጣው ለአንዱ ሰው እንኳ ይጠቅመው ነበር፤ ሥራውን በደኅና ስፍራ ያስቀምጥለት፣ ታሪኩንም በሚያምር መልክ ያሳየው ነበርና። ሁለተኛው ሰው ሲመጣ የፊተኛው ጥቅም ይጨምራል፤ ሦስተኛው ሲመጣ የሁለቱ ይጨምራል። ስለዚህ ሁለተኛው የሚዛን ድንጋይ ይህ ነው፤ ስፍራው ባዶ ሳለ ለመጀመሪያው እንግዳ ምን ያቀርብለታል? መልሱ ሌሎች እስኪመጡ ይጠብቅ የሚል ከሆነ እንግዳው አይጠብቅም።

በ2008 በጁላይ ወር ፕሬስተን ወርነር ይሠራበት የነበረውን ፓወርሴት የተባለ ኩባንያ ማይክሮሶፍት ገዛው። ሠራተኞቹም እንዲቆዩለት ስለፈለገ ለፕሬስተን ወርነር ከደመወዙ ሌላ በሦስት ዓመት ውስጥ የሚከፈል 300,000 ዶላር ቀረበለት። እርሱም ይህን ትቶ ገና ወደ ጀመረው ሥራ ሄደ። ከዐሥር ዓመት በኋላ በ2018 ያው ማይክሮሶፍት ጊትሀብን በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ዋጋ ገዛው። በ2023 መጀመሪያም በስፍራው የተመዘገቡት ሰዎች 100 ሚሊዮን ሞሉ።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ወጣት ሁሉ ልቡ ይነሣሣል። ነገር ግን ከታሪኩ ውስጥ ድፍረቱን ብቻ ወስዶ ጥንቃቄውን የሚተው ሰው ይሳሳታል። ፕሬስተን ወርነር ከሥራው የለቀቀው አሳቡን ባሰበ ቀን አይደለም፤ ስፍራው ተሠርቶ፣ ሰው ገብቶበት፣ ገንዘብም የሚከፍሉ ደንበኞች ከተገኙ በኋላ ነው። ኩባንያው ከተከፈተ በኋላም እስከ 2012 ድረስ ከውጭ ባለካፒታል ገንዘብ አልወሰደም፤ ደንበኞቹ በሚከፍሉት ራሱን ይችል ነበር። በዚያ ዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ከአንድሪሰን ሆሮዊትዝ የተቀበለው ለመቆም ሳይሆን ለመስፋት ነበር።

ሦስተኛው የሚዛን ድንጋይ እንግዲህ ከፋዩ ማን ነው የሚለው ነው። ጊትሀብ በጀመረ ጊዜ ሥራውን ለሰው ሁሉ የሚገልጥ ሰው ምንም አይከፍልም፤ ሥራውን ሰውሮ ለመያዝ የሚወድ ነጋዴ ግን ይከፍላል። ሥርዓቱ ቀላልና ትክክለኛ ነበር፤ ለሕዝብ የሚጠቅመው በነጻ ሲገባ በሥራው የሚያተርፈው ወጪውን ይሸፍናል። ይህ በር ግን ዛሬ ለአዲስ መጪ እንደ ድሮው ክፍት አይደለም። ከማይክሮሶፍት ግዢ በኋላ በ2019 ስውር መዝገብ ለጥቂት ተባባሪዎች ያለ ክፍያ ተፈቀደ፤ በ2020 ደግሞ የሰው ቍጥር ሳይወሰን ተፈቀደ። ጊትሀብ ያደገበትን ያንኑ ዕቃ ዛሬ በዋጋ እሸጣለሁ የሚል ሰው ጎረቤቱ በነጻ የሚሰጠውን ውኃ ለመሸጥ የሚቆም ነው።

ታዲያ ለአዲስ መጪ ስፍራ የለምን? አለ፤ ነገር ግን በሌላ በር ነው። በ2011 ዲሚትሪ ዛፖሮዤትስ የተባለ የዩክሬን ፕሮግራም ጸሐፊ ከቤቱ የቧንቧ ውኃ ስለሌለው ከመንደሩ የጋራ ውኃ መቅጃ እየቀዳ ይኖር ነበር። ይሁን እንጂ ከውኃው እጦት ይልቅ ያሳሰበው ለሥራው የሚሆን መልካም የኅብረት መሣሪያ አለማግኘቱ ነበረና ጊትላብ የተባለውን መሥራት ጀመረ። ጊትሀብ ሰውን ወደ ራሱ ስፍራ ሲጠራ፣ ጊትላብ ግን ማንም መሥሪያ ቤት መሣሪያውን ወስዶ በገዛ ግቢው በገዛ ኮምፒዩተሩ እንዲያቆመው ፈቀደ። ምሥጢሩን በሌላ ሰው ቤት ለማስቀመጥ የማይወድ መሥሪያ ቤት ብዙ ነውና ይህ ችግር እውነተኛ ሆኖ ተገኘ። ሆላንዳዊው ሲድ ሳይብራንዲ ከእርሱ ጋር ሆኖ ኩባንያ መሠረቱ፤ በ2021 ዓመት በኦክቶበር ወር የኩባንያው አክሲዮን በኒው ዮርክ ናዝዳክ ገበያ ለሽያጭ ቀረበ። ትልቁ ዛፍ ጥላውን ባላሳረፈበት መሬት የተዘራ ዘር ይበቅላል፤ በጥላው ሥር የተዘራ ግን ይጫጫል።

ገንዘብ ብቻውን ገበያ እንደማያቆም ደግሞ የባለጸጎቹ ታሪክ ያስረዳል። ጉግል ያን ሁሉ ሀብትና ዕውቀት ይዞ የከፈተውን ስፍራ በ2015 እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በ2016ም ዘጋው፤ የገዛ ሥራዎቹንም ብዙዎቹን ወደ ጊትሀብ አዛወራቸው። ማይክሮሶፍትም የከፈተውን በ2017 ዘጋ። ከጊትሀብ ጋር በአንድ ዓመት የተወለደው ጊቶሪየስም በ2015 በጊትላብ ተገዝቶ ተዘጋ። ድንኳኑን መትከል ቀላል ነው፤ ሰው ከለመደው ገበያ ተነሥቶ ወደ አዲሱ እንዲመጣ ማድረግ ግን በብር ብቻ አይሆንም። ገበያ የሚቆመው በሰው ነው።

ሰው ደግሞ የሚቆየው በእምነት ነው። አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የሚዛን ድንጋይ ይህ ነው። ሶርስፎርጅ ገቢው እየቀነሰ በሄደ ጊዜ ሰዎች ከእርሱ ዘንድ በሚወስዱት ፕሮግራም ውስጥ ያልጠየቁትን የንግድ ማስታወቂያ ፕሮግራም ጨምሮ ማደል ጀመረ። በ2015 ባለቤቶቹ ከዚያ ስፍራ ለቅቀው የሄዱትን ጊምፕ የተባለውን የሥዕል ፕሮግራም በዚህ ዐይነት ሲያድል ተገኘና በየአገሩ ያሉ የፕሮግራም ጸሐፍት አጥብቀው ተቈጡ። በ2016 ስፍራውን የገዙት አዲሶቹ ባለቤቶች ይህን ልማድ ወዲያው አስቀሩት፤ ነገር ግን የሄደው ሰው እንደ ቀድሞው አልተመለሰም። እምነት እንደ ብርጭቆ ነው፤ ለመሥራት እሳትና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለመስበር ግን አንድ ጊዜ መጣል ይበቃዋል።

በአንጻሩ የጊትላብን አደጋ መመልከት ይጠቅማል። በ2017 ዓመት በጃንዋሪ ወር መጨረሻ አንድ የኩባንያው ሠራተኛ በሌሊት ሥራ ደክሞ ሳለ ዋናውን የመዝገብ ማኅደር በስሕተት ደመሰሰው። ለመጠባበቂያ ተብለው የተሰናዱት ልዩ ልዩ ብልሃቶች ሲፈተኑ እንደሚገባው ሠርተው አልተገኙም፤ የስድስት ሰዓት ያህል መዝገብም ጠፍቶ ቀረ። ኩባንያው ግን ነገሩን አልሸሸገም። ጥፋቱን ዘርዝሮ ጻፈ፤ የጥገናውንም ሥራ ማንም ሰው በኢንተርኔት እንዲመለከተው ገለጠ፤ ሠራተኛውንም በስም አውጥቶ አላዋረደም። ጉዳቱ እውነተኛ ጉዳት ነበር፤ ደንበኞቹ ግን እውነቱን ስላወቁ ኩባንያው ቆመ። ማስታወቂያውን በስውር የጨመረው ቤት ሰዎቹን ሲያጣ፣ ጥፋቱን በግልጥ የተናገረው ቤት ሰዎቹን ይዞ ቀረ።

እምነት የሚፈተነው በኩባንያው ጠባይ ብቻ አይደለም፤ በመንግሥታት ሕግም ይፈተናል። በ2019 የአሜሪካ መንግሥት የንግድ ማዕቀብ ሕግ ስላስገደደው ጊትሀብ በኢራን፣ በሶርያና በክራይሚያ በሚኖሩ ሰዎች ላይ አንዳንድ አገልግሎቶቹን ዘጋ፤ ብዙ የፕሮግራም ጸሐፍትም በገዛ እጃቸው የጻፉትን ስውር መዝገብ ለማየት ተከለከሉ። ኩባንያው ለኢራን ሰዎች ልዩ ፈቃድ አግኝቶ አገልግሎቱን የመለሰላቸው በ2021 ነው። ሰዎቹ በግላቸው ያደረጉት በደል አልነበረም፤ ያሉበት ቦታ ብቻ በቃ። ሥራውን በሌላ ሰው ግምጃ ቤት የሚያኖር ሁሉ ቁልፉ በማን እጅ እንደ ሆነ ማሰብ እንደሚገባው ይህ ያስረዳል። አዲስ ስፍራ የሚያቆም ወጣትም ደንበኛው ሥራውን ይዞ ለመውጣት በፈለገ ቀን በቀላሉ ሊወጣ የሚችልበትን መንገድ ከመጀመሪያው ሊያሰናዳለት ይገባል። መውጫው ክፍት የሆነ ቤት ሰው ሳይፈራ ይገባበታልና።

ይህ ነገር ኢትዮጵያንም ይመለከታታል። በ2024 ኢትዮጵያ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር 5 ሚሊዮን ሰዎችን ኮድ ለማስተማር ሰፊ የሥልጠና ሥራ ጀምራለች። ሥልጠናውን ከጨረሱት ወጣቶች መካከል የራሱን የኅብረት መሥሪያ ስፍራ ለማቆም የሚያስብ ሰው ቢነሣ የሚያስደንቅ አይሆንም፤ ሊመሰገንም ይገባዋል። ዳሩ ግን ይህ ወጣት ጊትሀብን በአማርኛ አደርገዋለሁ ብሎ ብቻ ቢነሣ ከላይ የተቈጠሩት ድንጋዮች ሁሉ በአንድነት ይከብዱበታል፤ የሚያስቀምጠው ስፍራ በነጻ ይገኛልና፤ የሚሰበሰበውም ሰው በሌላው ገበያ ተሰብስቧልና።

ይልቁንስ ዐይኑን ወደ ጎረቤቶቹ ቢመልስ ሌላ ችግር ያያል። ኮድ መጻፍን በትምህርት የጀመረ ሰው ቀጥሎ የሚያስፈልገው ማስቀመጫ ሳይሆን አራሚ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ በየቀኑ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የተሳሳተውን ያቀናለታል፤ ተማሪው ቅኔ ዐዋቂ የሚሆነው ሰዋስው በማጥናት ብቻ ሳይሆን በመንገርና በመታረም ነው። የፕሮግራም ጽሕፈትም እንዲሁ ነው። የጻፈውን መስመር በመስመር አይቶ ይህ ስለ ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቀው ታላቅ ያላገኘ ወጣት የምስክር ወረቀት ይዞ ከዕውቀቱ ደጃፍ ላይ ይቆማል። በአገር ውስጥ ያሉትን ወጣቶች በየኩባንያው ከሚሠሩት ታላላቆቻቸው ጋር፣ እንዲሁም በአሜሪካና በአውሮፓ ይህን ሙያ ይዘው ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ጋር የሚያገናኝ፣ መስመር ሲቋረጥ የማይሰናከል፣ ክፍያውም በአገሩ ገንዘብና በአገሩ የስልክ መክፈያ የሚፈጸም ስፍራ ቢገኝ፣ ያ በሌሎች ገበያ የማይገኝ ዕቃ ይሆናል። ይህም ቢሆን ገና አሳብ ነው፤ በሚዛኑ ላይ ሊወጣ ይገባል። ታላላቆቹ ጊዜያቸውን ስለ ምን ይሰጣሉ? ወጪውን ማን ይከፍላል፤ ተማሪው ነውን ወይስ የሠለጠነ ሰው የሚፈልገው ኩባንያ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያልተገኘለት እንደ ሆነ ከፊተኛው አይሻልም።

ከ2021 ወዲህ ደግሞ ሌላ እንግዳ ወደ ገበያው ገብቷል። ጊትሀብ በዚያ ዓመት ኮፓይለት የተባለውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሙከራ አቀረበ፤ ይህም መሣሪያ ከጸሐፊው ጐን ሆኖ የሚቀጥለውን መስመር ይጽፋል። በ2022 በዋጋ መሸጥ ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ኮድ መጻፍ እየቀለለ ሲሄድ የተጻፈውን መመርመርና ለጥፋቱ ኀላፊ መሆን ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ስለዚህ ስለ ኅብረት ሥራ የሚያስብ ወጣት ሰዎች ትናንት የተቸገሩበትን ብቻ ሳይሆን ነገ የሚቸገሩበትን ሊመለከት ይገባል።

እንግዲህ አሳቡን የሚፈትነው በምንድን ነው? ፈተናው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አስቀድሞ ዐሥር የሚሆኑ የፕሮግራም ጸሐፍትን ፈልጎ ከጐናቸው ይቀመጥ፤ አሳቡን አይንገራቸው፤ ሲሠሩ ይመልከት፤ የት ላይ እንደሚቆሙ፣ የት ላይ እንደሚያማርሩ ይጻፍ። አሳቤ እንዴት ነው ተብሎ የተጠየቀ ወዳጅ ይሉኝታ ይዞት መልካም ነው ይላልና ምስጋና ምስክር አይሆንም። ከዚያም ከችግሮቹ አንዱን ብቻ የሚያቃልል ትንሽ ነገር በጥቂት ሳምንት ሠርቶ ይስጣቸው። ሳይጠሩ ተመልሰው የመጡትን ይቍጠር፤ ከተመለሱትም ውስጥ ጥቂት ብር እንኳ ቢሆን ለመክፈል የፈቀዱትን ይቍጠር። ማንም ካልተመለሰ አሳቡን ያቅና ወይም ይተወው። ይህን ያህል ጊዜ፣ ይህን ያህል ብር ብሎም አስቀድሞ ወሰን ያብጅ፤ ወሰኑ ሲደርስም ለራሱ አይዋሽ። የአባቱን ቤት አስይዞ የሚጀምር ሰው ስሕተቱን ለማመን ድፍረት ያጣል፤ በትንሹ የጀመረ ግን ስሕተቱ ትምህርት ይሆንለታል።

በዚህ ፈተና ወድቆ አሳቡን የተወ ወጣት የተሸነፈ መስሎ ሊታየው አይገባም። ክፉ አሳብን በሦስት ወር ትቶ ወደ መልካሙ የሚዞር ሰው በአንዱ ላይ ሦስት ዓመት ከሚያባክነው ሰው ይልቅ አትራፊ ነው። ፈተናውን አልፎ የሚቀጥለውም ቢሆን ታላላቆቹ ገበያዎች የተሞሉት በስፋታቸውና በጌጣቸው እንዳልሆነ ያስታውስ። ቶርቫልድስ መሣሪያውን የሠራው ሥራው ስለ ቆመበት ነው፤ የሳን ፍራንሲስኮዎቹ ሰዎች ስፍራቸውን የሠሩት እነርሱው ስለ ተቸገሩ ነው፤ የዩክሬኑ ሰው ከውኃው በፊት መሣሪያውን ያስቀደመው ችግሩ የገዛ ራሱ ስለ ነበረ ነው። ባልንጀራው የተቸገረበትን አይቶ ያንን የሚያቃልልለት፣ የተሰጠውንም እምነት የሚጠብቅ ሰው ደቦ በጠራ ቀን ጎረቤት ማጭዱን ይዞ ይወጣለታል።